ቂሜና ነርቬ ላይ የተተከለው ሽቦ

መጀመሪያ የተሰማኝ ማሳከክ ነው። ቁስሉ ደርቆ፣ ስፌቱ ወጥቶ፣ ተሽሎሃል ተብዬ ቤቴ በገባሁ በሦስተኛው ሳምንት የቀኝ እጄ አውራ ጣት አሳከከኝ። ቀኝ እጅ የለኝም። ከክርኔ ዝቅ ብሎ ተቆርጧል። ባዶውን ሳክ ባለቤቴ የሺወርቅ አየችኝና ፊቷን አዞረች።

ቀጥሎ ማቃጠል መጣ። ጣቶቼ ተጨብጠው ጥፍሬ መዳፌን የሚበሳው ይመስለኛል። ልዘረጋው እሞክራለሁ። የሚዘረጋ ነገር የለም። ሐኪሞች ፋንተም ፔይን ይሉታል። እኔ በልቤ ስማቸው ብዬዋለሁ።

አቶ ስማቸው እንጅባራ ውስጥ የምሠራበት የእንጨት መሰንጠቂያ ባለቤት ነው። ግንዱ ቶሎ ቶሎ እንዲያልፍ ብሎ የመጋዙን መከለያ አስነሣው። “ይኼ መጋዝ ሰው ይቆርጣል” አልኩት። “የፈራ ሄዶ ከሰል ያክስል” አለኝ፤ ሠራተኛው ሳቀ። በሳምንቱ እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ ተንሸራተተና እጄን ይዞት ገባ። ሆስፒታል ያደረሰኝ እሱ ራሱ ነው። እኔ ራሴን ስቼ ነበር።

በግራ እጄ መጥረቢያ መያዝ የተማርኩት ለእንጨት አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዘንገና መንገድ ዳር መጥረቢያዬን በጋቢ ሸፍኜ ጠበቅሁት። በሞተር ሳይክሉ ብቅ ሲል ሕመሙ ያዘኝ። መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሞተሩን አቁሞ ወረደ፤ “ምነው ጌታሁን፣ አመመህ?” አለና ከያዘው ውሃ ሰጠኝ። ጠጣሁ። ከዚያ ወዲያ ይበልጥ ጠላሁት።

ሕመሙ አልለቅ ሲለኝ ሐኪሞች ወደ አዲስ አበባ ጻፉልኝ። እዚያ ያዩኝ ዶክተር ሕሊና የተባሉ ቀዶ ሐኪም ናቸው። የተቆረጠው ነርቭ ጫፉ ላይ እንደ ቋጠሮ ማበጡን፣ ስሙም ኒውሮማ መሆኑን አስረዱኝ።

“ኒውሮማውን ማውጣት ሕክምና ነው” አሉኝ። “ነርቭህ ላይ ኤሌክትሮድ የሚባል ቀጭን ሽቦ መትከል ግን ምርምር ነው። ከሰው ሠራሽ እጅ ጋር እናገናኘዋለን። ከጥቂት ወራት በኋላ ሽቦው ይወጣል፤ እጁም እዚሁ ይቀራል። እምቢ ብትል ሕክምናህ አይጓደልም። ለምን ትፈልገዋለህ?”

“ለመያዝ” አልኳቸው። ማንን እንደምይዝ አልነገርኳቸውም።

ከዚያ የመጣሁበትን ወረቀት አገላብጠው ቀና አሉ። “በመጠጥ ምክንያት የደረሰ አደጋ ይላል። ጠጪ ከሆንክ አላስገባህም።”

ጆሮዬ ጮኸ። “ማን ነው ያለው?”

“ያመጣው ሰው እንደተናገረው፣ ይላል።”

አረቄ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ሰውዬው እጄን ወስዶ ስሜንም ጨምሮበታል። “ዶክተር፣ የእኔንም ቃል ይጻፉልኝ” አልኳቸው። ጻፉ። ለሳምንታት እየተመላለስኩ ደሜን ለመጠጥ ምርመራ ሰጠሁ። ንጹሕ ነበር። ተቀበሉኝ።

ሙሉ ሰመመን ሰጡኝ። ክንዴን ከፈቱ። ኒውሮማውን አወጡ። ሚዲያንና አልናር በሚባሉት ሁለት ነርቮች ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ኤሌክትሮዶች ተከሉ። ነቃሁ። አስመለሰኝ። ሽቦዎቹ ከላይኛው ክንዴ ቆዳ ወጥተው ታስረዋል። በሦስተኛው ቀን ትኩሳት መጣ። ኢንፌክሽን ነው አሉ። ሽቦው ሊወጣ ይችላል አሉ። ጸለይኩ። ጸሎቴ ጥሩ ጸሎት አልነበረም። ትኩሳቱ በረደ።

ቁስሉ ከሻረ በኋላ ባለሙያዎቹ ሽቦውን ከመሣሪያ ጋር አገናኝተው ትንሽ፣ በጣም ትንሽ ኤሌክትሪክ ሲለቁበት አውራ ጣቴን አንድ ሰው በስሱ የነካኝ መሰለኝ፤ ማን እንደሆነ ለማየት ዞርኩ፣ አጠገቤ ማንም አልነበረም፤ ትልቅ ሰው ሆኜ በሰው ፊት አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ ሰው ሠራሹን እጅ አጥልቄ መያዝ፣ መልቀቅ፣ ጠንካራውን ከለስላሳው መለየት ተለማመድኩ፤ ማቃጠሉም ቀስ በቀስ እየራቀ ሄደ። አንድ ቀን የተቀቀለ ድንች ሰጡኝ። ያዝ ሲሉኝ የስማቸው አንገት በዓይኔ መጣ፤ ድንቹ በጣቶቹ መሃል ፈሰሰ። ሦስት ድንች እንዲሁ ፈጀሁ።

ዶክተር ሕሊና ፊቴን አይተው፣ ጠረጴዛውን እየጠረጉ “የምትይዘውን እያሰብክ ያዝ፤ የምትጠላውን እያሰብክ አይደለም” አሉኝ። ለየሺወርቅ ስልክ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ መጥረቢያውንም ጭምር። “ብትገድለው” አለችኝ፣ “ሰካራሙ ገደለው ነው የሚባለው።”

ይህን ማንም ሐኪም አልነገረኝም።

ጥናቱ ሲያልቅ ሽቦዎቹን አወጡ። አውራ ጣቴ እንደገና ሄደ። የምርመራ ውጤቴን ግን አስጽፌ ይዤ ወደ እንጅባራ ተመለስኩና ለሚመለከተው ቢሮ አመለከትኩ። መጥተው አዩ፤ መከለያው እስኪመለስ መጋዙን አሸጉት። ያኔ ስማቸው ሽማግሌ ላከ። እኔም፣ ሠራተኛው ሁሉ በቆመበት እውነቱን ይናገር፣ ሌላ አልፈልግም አልኩ።

ተናገረ። “ጌታሁን አልጠጣም ነበር። መከለያውን ያስነሣሁት እኔ ነኝ።”

“አልሰማሁም” አልኩት። ደገመው። “አሁንም አልሰማሁም።” ሦስተኛ ጊዜ ጮክ ብሎ አለው። በመጀመሪያውም ሰምቼዋለሁ። ከዚያ ሳያስበው ቀኝ እጁን ለሰላምታ ዘረጋልኝ። አየሁት። እሱም አየው፤ ሰበሰበው።

ይቅር አላልኩትም። የንስሐ አባቴ ይህን ስነግራቸው ያዝናሉ። “አባ፣ ይጸልዩልኝ” እላቸዋለሁ፤ ከዚያ በላይ ቃል አልገባም።

ዶክተር ሕሊናን፣ ትኩሳቴን ተቀምጠው የጠበቁትን ነርሶች፣ ከሁሉ በላይ የሺወርቅን አመሰግናለሁ። እንደኔ የተቆረጣችሁ፣ የሌለ ጣት ሲያማችሁ እብደት አይደለምና ለሐኪም ተናገሩ። ስለ እናንተ የተጻፈውን አስነብቡ። ምርምር ውስጥ ስትገቡ፣ የሚሰጣችሁን ብቻ ሳይሆን የሚወሰድባችሁን ቀን አስቀድማችሁ ጠይቁ። እኔ አስቀድሞ ተነግሮኝም፣ ቀኑ ሲደርስ አልቅሻለሁ።