የትሬጌር ሞረዶች

ሳይላስ ትሬጌር የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ብረት ቀጥቃጭ ነበር። ከኩዊንስላንድ ተነሥቶ በሰሜን በኩል ወደ ባሕሩ መንገድ ሊያወጣ ከሄደው ጓድ ጋር ለፈረሶቹ የብረት ጫማ እንዲመታ ሲቀጠር፣ መዶሻውንና ከአባቱ የወረሳቸውን አራት የኮቴ ሞረዶች ይዞ ወጣ።

በአምስተኛው ወር ዝናቡ ያዛቸው። ከሃያ ስድስቱ ፈረሶች አሥራ ዘጠኙ መርዘኛ ቅጠል በልተው አለቁ። የተረፉትን ሰባቱን እየነዱ ከባሕሩ በፊት ያለው ጫካ አፍ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ተዘጋ። እሾሁ እንደ መንጠቆ የሚይዝ ሐረግ ከዛፍ ዛፍ ተጠላልፏል፤ መጥረቢያ ሲያርፍበት ይለጠጥና መልሶ ይነጥራል። በሁለት ቀን ግማሽ ማይል አልሄዱም። ዱቄቱ ሻግቷል። ባሕሩ ዳር የሚጠብቃቸው መርከብ ደግሞ ከወሩ መጨረሻ አያልፍም።

"ሞረዶቹን ማጭድ አደርጋቸዋለሁ" አለ ሳይላስ።

የጓዱ መሪ ሚስተር ሃርግሬቭ ወባ ይዞት ብርድ ልብስ ውስጥ ይንቀጠቀጣል። "የፈረሶቹን ኮቴ በምን ልታስተካክል ነው?"

"በቢላ እፍቀዋለሁ፣ ጌታዬ። እዚህ ከቀረንማ ማን ኮቴ ያያል?"

ወጥ ሠሪው ማግዋየር ሳቀ። "አባትህ ከመቃብር ተነሥቶ ጆሮህን ነው የሚጠመዝዝልህ!"

"እሱ ቢሆን ትናንት ጨርሷቸው ነበር። ይልቅ ወሬህን ትተህ እሳቱን አናፋ!"

እንጨቱ ሁሉ ረጥቦ ስለነበር የሞቱትን ፈረሶች የጭነት ኮርቻ ሰብረው አነደዱ። የመጀመሪያው ማጭድ ውኃ ሲነካ ለሁለት ተሰበረ። ሳይላስ ስባሪውን አንሥቶ ጥቂት አየውና ሁለተኛውን ሞረድ እሳት ውስጥ ከተተ። ይሄኛውን ቀስ ብሎ በሞራ አቀዘቀዘው። ሐረጉ ላይ ሲሞክረው እንደ ቅቤ ቆረጠለት።

ሦስቱን ማጭድ እየተቀባበሉ አሥራ አንድ ቀን መነጠሩ። ሳይላስ መዳፉ ተልጦ በጨርቅ ጠቀለለው፤ ተራው ሲደርስ ግን አንድም ቀን ለሌላ አላሳለፈም። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ማግዋየር ዛፍ ላይ ወጣና "ሸራ! የመርከብ ሸራ!" ብሎ ጮኸ።

ሃርግሬቭን በቃሬዛ አወረዱት። የመርከቡ ካፒቴን ፈረስ አልጭንም ቢል ሳይላስ ወደ መርከቡ ከሚያደርሳቸው ጀልባ ወረደ።

"አብደሃል?" አለው ማግዋየር።

"ከሰባቱ ፈረሶች አራት ቀርተዋል። ኮቴያቸው አልቋል።"

ባሕሩ ዳር ካለ የከብት እርባታ አስገብቷቸው፣ ሌላ መርከብ እስኪመጣ ኮቴያቸውን በቢላ እያስተካከለ ሰባት ወር ተቀመጠ። አራቱም ፈረሶች በራሳቸው እግር መርከቡ ላይ ወጡ።