እናቴ ቤት የለሰንኩት ሲሚንቶ

አባቴ ከቡሬ ወጣ ብሎ የሠራው ቤት ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል። መሐሉ ላይ የወይራ ምሰሶ አለው፤ ዙሪያውን የባሕር ዛፍ ቋሚ፣ በቋሚው ላይ ማገር፣ በማገሩ ላይ ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ። ቋሚዎቹን ከመትከሉ በፊት ምስጥ እንዳይደፍራቸው ብሎ እግራቸውን በእሳት ለብለብ አድርጓቸዋል። እሱ ካረፈ ወዲህ እናቴ ብቻዋን ትኖርበታለች። በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ግድግዳውን በእበትና በጭቃ ትለቀልቀዋለች፤ ቤቱም ሽክ ይላል።

እኔ ደግሞ ፍኖተ ሰላም የምኖር፣ ያሰብኩትን ሳላደርግ የማላድር ችኩል ነኝ። አንድ ዓመት ወገቧን ይዛ ስትለቀልቅ ደረስኩ። «ከእንግዲህ ጭቃ አትነኪም!» ብዬ ሲሚንቶና ግንበኛ ይዤ ከተፍ አልኩ። በሦስት ቀን ግድግዳው በውስጥም በውጭም ተለሰነ፤ ቀለምም ተቀባ። እናቴ እልል ብላ መረቀችኝ። እኔም ደረቴን ነፍቼ ተመለስኩ።

ሁለት ክረምት አለፈ። ከዚያ ጎረቤት ደወለልኝ፤ የጓዳው ግድግዳ ተቆዝሮ ጣሪያው ዘሟል። በረርኩ። አባቴን ያን ቤት ሲሠራ ያገዙት ሽማግሌ አናጢ ልስኑን በመጥረቢያ ቀርፈው እጃቸውን ሰደዱ። ቋሚው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ።

«ጭቃ የጠጣውን ውሃ መልሶ ይተፋል» አሉኝ። «ይኸ ሲሚንቶህ ግን በስንጥቁ ያስገባና እዚያው ያፍነዋል።»

«ታዲያ ቤቱ ይፈርሳል በሉኛ!»

«ምሰሶው ደህና ነው። ቋሚውን አንድ በአንድ እንለውጣለን። እናትህ ግን ትውጣ።»

እሷ ወይ ፍንክች! «ባሌ የሠራው ቤት አይጫነኝም» ብላ ምሰሶው ሥር ቁጭ አለች። ጣሪያውን በባላ ደግፈን፣ የበሰበሰውን እየነቀልን አዲስ ስንተክል ሳምንት ፈጀን። ባላው ሲጥ ባለ ቁጥር ነፍሴ ልትወጣ ትደርስ ነበር። ቤቱ ግን ቆመ።

የመጨረሻውን ጭቃ አብረን ስንመርግ፣ «እማ፣ አፉ በይኝ። ይኸ ሁሉ የእኔ ጥፋት ነው» አልኳት።

«ኧረ እኔም አለሁበት» አለች ዞር ሳትል። «የታች ሰፈሮቹ ቤት እንዲሁ ተለስኖ ሲወድቅ አይቻለሁ። ሲሚንቶውን ይዘህ የመጣህ ዕለት ልነግርህ ነበር።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ፊትህን አየሁት። አባትህ ከሞተ ወዲህ እንዲያ ደስ ብሎህ አይቼህ አላውቅም። ቤቱ ይውደቅ አልኩ።»