የጎደሉት ሁለት ሽፋኖች

ባለፈው ቅዳሜ ትንሿ ልጄ ለትምህርት ቤት የእጅ ሥራ ሙጫ ፈልጋ፣ ከኮንዶሚኒየማችን ሥር ያለው ሱቅ ደግሞ ኮላ ጨርሶ ስለነበር፣ ሁለት ማንኪያ የፉርኖ ዱቄት በውኃ በጥብጬ ጣድኩላት። ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮቱን ከፍቼ እያማሰልኩ ሳለ ያ ጥሬም ብስልም ያልሆነ የዱቄት ሽታ ሲወጣ እጄ ቀጥ አለ። ሙጫው አረረ። ልጄ ምን ሆነሽ ነው ብትለኝ ጭሱ ዓይኔን ነካው አልኳት። እውነቱን ለመናገር ግን እኔ ያን ጊዜ ማድ ቤቴ ውስጥ አልነበርኩም፤ አቃቂ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ጋሼ መርዕድ በረንዳ ላይ ነበርኩ።

ጋሼ መርዕድ ሥራቸው የጣቢያ ጭነት መመዝገብ ነበር፤ እኛ የሰፈሩ ልጆች ግን የምናውቃቸው የልጆች መጽሐፍ በመጻፋቸው ነበር። የታተመላቸው አንድ ቀጭን መጽሐፍ ብቻ ነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በረንዳቸው ላይ ሰሌን ተነጥፎ አሥራ አራት ልጆች ተጠጋግተን እንቀመጣለን፤ መጀመሪያ እያንዳንዳችን ከቤታችን እስከ እሳቸው በር ስንመጣ ያየነውን አንድ ነገር እንጽፋለን፣ ያላዩትን መጻፍ ክልክል ነው። አንዱ ልጅ ታዲያ በየሳምንቱ ጅብ ያይ ነበር፤ በጠራራ ፀሐይ፣ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ። ጋሼ ፈገግ ሳይሉ ጅቡ ወዴት እንደሄደ፣ ወፍጮ ቤቱ ወረፋ ላይ የነበሩት ሴቶች ምን እንዳሉ በዝርዝር ይጠይቁታል፣ እሱም ግንባሩን ላብ እያጠመቀው ይመልሳል። ከዚያ እሳቸው ከሚጽፉት ያነቡልናል። ቀጥሎ የየራሳችንን መጽሐፍ እንሠራለን፤ እንሰፋለን፣ እንለጥፋለን፣ ሥዕል እንሥልበታለን።

ትልቁ ጥበብ ሽፋኑ ላይ ነበር። ካርቶን እንደልብ ስለማይገኝ ጋሼ ከጣቢያው የተጣሉ የጭነት ቅጾች ያመጡልናል፤ እኛ አሥር አሥሩን በዱቄት ሙጫ እያነባበርን እንለጥፍና የሀዲድ ቁራጭ እንጭንበታለን፤ በሳምንቱ እንደ ጣውላ ደርቆ ይገኛል። ሙጫውን የሚያበስሉልን ባለቤታቸው እትዬ ዘነበች ነበሩ። ከውዳቂው ወረቀት ትንሽ ጨምድደው ከሰሉን ያቀጣጥላሉ፣ ሙጫውን ያማስላሉ፣ ሲበርድ ያከፋፍሉናል፤ ቀጥለው ደግሞ ቆሎ ያድሉናል፤ እኛም ሙጫ በነካው እጃችን እየዘገንን፣ ቆሎው ከጣታችን አልላቀቅ ሲል በጥርሳችን እየለቀምን እንበላለን። እኔ እስከዛሬ የእሳቸውን ያህል ልጅ ሲስቅ ማየት የሚወድ ሰው አላየሁም።

ወረቀት ውድ ስለነበር ጋሼ ራሳቸውም የሚጽፉት በእነዚያው ቅጾች ጀርባ ላይ ነው። የተሰረዘ የተደለዘው ከጠረጴዛው ሥር ካለው ሣጥን ይገባል፣ እሱ የእኛ ነው። በንጹሕ የተጻፈው ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል፣ እሱ አይነካም። ሌላ ሕግ አልነበረንም።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ጋሼ አንድ ረጅም ታሪክ ጨርሰው ማተሚያ ቤት ሊያስገቡ ተዘጋጅተው ነበር። የአቃቂ ወንዝ ጫማዋን የወሰደባት ልጅ ወንዙን ተከትላ እስከ አዋሽ የምትወርድበት ታሪክ ነው፤ ዓመት ሙሉ ሲያነቡልን ከርመው መጨረሻውን ግን ሲታተም ታነቡታላችሁ ብለው ደበቁን። አንድ ቅዳሜ እሳቸው ለቅሶ ሄደው ሳለ ማልጄ ደረስኩና ለአሥራ አራታችንም ሽፋን ለጥፌ ልጠብቃቸው ፈለግሁ። ጎበዝ እንዲሉኝ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። እትዬ ዘነበች ሙጫውን አብስለው ሰጡኝና ወደ ጓዳ ገቡ። አሥራ ሁለቱን እንደጨረስኩ ሣጥኑ ባዶ ሆነ፣ የሁለት ልጅ ሽፋን ጎደለኝ። ቀና ብዬ ጠረጴዛውን አየሁ። ከሥር ያለው የቆየ ነው፣ አይፈለግም አልኩና ከክምሩ ሥር ሃያ ቅጠል መዝዤ አነባብሬ ለጠፍኩት። የወሰድኩት የታሪኩን መጨረሻ ነበር።

በሳምንቱ ጋሼ ፊታቸው ገርጥቶ ጠበቁን። «ከጠረጴዛው ላይ ወረቀት ያነሣ ልጅ አለ? አልቆጣም» አሉ። እግሬን እያየሁ ዝም አልኩ። ያን ዕለት ሁለቱን ሽፋኖች ሹራቤ ውስጥ ሸሽጌ ወደ ቤት ወሰድኩና ገጾቹን አላቅቄ ልመልስ ብዬ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ነከርኳቸው። ጋሼ የሚጽፉት ከብልቃጥ በሚቀዳ ቀለም ነው። ሙጫው ሲለቅ ቀለሙም አብሮ ለቀቀ፤ ውኃው ሰማያዊ ሆነ፣ በእጄ የቀረው ነጭ የወረቀት ቡኮ ብቻ ነበር። ውኃውን ቅንጭብ አጥራችን ሥር ደፋሁት።

ጋሼ መጨረሻውን እንደገና ለመጻፍ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። ቅዳሜያችንም እየሳሳ ሄደ። እትዬ ዘነበች ወደ በረንዳው መውጣት ተዉ፣ ሙጫውንም ጋሼ ራሳቸው እያሳረሩ ያበስሉ ጀመር። እኔ እትዬን አሟቸው ነው ብዬ ነበር። ልጅ የሚመቸውን ያምናል፤ እኔማ አድጌም፣ ወልጄም እንደዚያው አምኜ ኖርኩ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ጋሼ አርጅተው፣ ባለቤታቸው ሞተውባቸው፣ ሳሪስ የእህታቸው ልጅ ጋ እንዳሉ ሰማሁና ብርቱካን ይዤ ሄድኩ። ይህን ነገር ሳልናገር እንዳይሞቱብኝ ነበር ጭንቀቴ። ዓይናቸው ቢደክምም በድምፄ ለዩኝ፣ ደስ አላቸው። ስለዚያ መጽሐፍ ሳነሣ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሱንማ ዘነበች ነፍሷን ይማርና አቃጠለችው። ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ለእናንተ ሙጫ እሳት ስታያይዝ ማግዳው ነው።»

«እሳቸው አይደሉም ጋሼ። እኔ ነኝ» አልኩ። ሽፋኑን፣ ሳፋውን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ይቆጡኛል ወይም ልጅ ነበርሽ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ሁለቱንም አላሉም።

«አልነካሁም ብላ በአቦ ስትምልልኝ ኖረች» አሉ። «አንድም ቀን አላመንኳትም። እስክትሞት አንድ ገበታ ቀርበን እንደ እንግዳ ነበር የምንበላው።» ቀጥለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እኔስ ሰማሁ። እሷስ?»

በዚያው ክረምት እሳቸውም አረፉ።

በረንዳው ፈርሷል፣ ጣቢያው ዝም ካለ ቆየ፣ አሥራ አራታችን የት እንዳለን የሚያውቅ የለም። ይህን ሁሉም የሰፈሬ ሰው አጥቶታል፣ አብሬ አዝናለሁ። የዚያች ልጅ ጫማ ይገኝ አይገኝ ሳላውቅ መቅረቴም ያንገበግበኛል፤ ግን እሱም ቢሆን ታሪክ ነው፣ ሌላ ሰው ሌላ ይጽፋል። የሁለት ሰዎች እርጅና ነው እንደገና የማይጻፈው። እኔ ነኝ ማለት ሁለት ቃል ነው፤ እትዬ ዘነበች ሳይሰሙት ሞቱ።