ለልደታ የተከፈተ ጎታ

መካነ ኢየሱስ ከተማ ታሪክ አስተምራለሁ። ከማስተምረው ይልቅ ለበዓል የጻፍሁት ንግግር ሳይበልጥ አይቀርም። የድል ቀን ሲመጣ፣ የምሥረታ በዓል ሲመጣ የምጠራው እኔ ነኝ። ባነር ይሰቀላል፣ ማይኩ ይንጫጫል፣ ይጨበጨባል፤ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ። እኔም ወረቀቴን አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ እከታለሁ። ከእነዚህ በዓላት አልቅሶ የተመለሰ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ጠግቦ የተመለሰም የለም።

ባለፈው ሚያዝያ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች «ክርስቲያን የታሪክ ቀኖችን እንዴት ያስብ?» ብለው ርእስ ሰጡኝ። ደስ አለኝ፤ ሳስበው የኖርሁት ነገር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስንት ዓመት ሞላው ብላ አትጨነቅም። ሊቃውንቱ በበዓል ቆመው «ዮም» ሲሉ ዛሬ ማለታቸው ነው፤ የዛሬ ስንት ዘመን አይሉም። ደግሞም ሳያበሉ ማሰብ የለም። ዝክር ካለ እንጀራ አለ፤ ተዝካር ካለ ደጀ ሰላም ቁጭ ብሎ የሚበላ ደሃ አለ። ይህን ስጽፍ እዚህ ላይ እንደደረስሁ ከአርብ ገበያ ወጣ ብሎ ካለው ቀያችን እናቴ ደወለች።

«ዘንድሮ ለልደታ ንፍሮ እቀቅላለሁ» አለችኝ። «ከዘሩ ስንዴ ነው የምቀቅል። ነይና ከጎኔ ቁሚ።»

ግንቦት አንድ፣ የእመቤታችን ልደት ቀን፣ በእኛ አገር ሴቶች ዛፍ ሥር ንፍሮ ቀቅለው ጎረቤቱን ሁሉ ያበላሉ። እናቴ ግን እኔ ሳውቃት በዚያ ቀን ከቤት ወጥታ አታውቅም። ምክንያቱን የሰማሁት ካደግሁ በኋላ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ልደታ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ እኔ ያልደረስሁባት ታላቅ እህቴ በረኃብ ሞተች። ሦስት ዓመቷ ነበር። ቤት ውስጥ ግን እህል ነበረ፤ የዘር ስንዴ። አባቴ የጎታውን አፍ በጭቃ መርጎ ማንም እንዳይነካው አዞ ነበር። ዝናቡ መጣ፣ ስንዴው ተዘራ፣ እኔና ወንድሞቼ ከዚያ ዘር በበቀለው እህል አደግን። አባቴ ልክ ነበር። እንዲህ ብሎ መጻፍ ያመኛል፤ ቢሆንም ልክ ነበር።

ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ሲከፈት በደብረ ታቦር ዞሬ ሄድሁ። ስደርስ የአባቴ ታናሽ ወንድም እናቴ ፊት ተቀምጦ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ መሬታችንን የሚያርሰው፣ ዘሩንም በየዓመቱ ጎታ ከትቶ የሚመርገው እሱ ነው።

«ኧረ ተይ እታለም» ይላታል። «ዘር ይቀቀላል? ልደታ የደስታ ቀን ናት። ክፉ ቀን ደሞ ስሙን ሲጠሩት ይሰማል።»

እኔም ላስታርቅ ብዬ «ከሌላው እህል ይቀቀል» አልሁ።

«ከሌላውማ ማንም ይቀቅላል» አለች እናቴ። «አባትሽን አልከስም። እሱ ባይጨክን እናንተ የላችሁም። ለሷ ያልተከፈተው ግን ለሌላ ልጅ ይከፈት። ለከርሞ ልደታ መድረሴን ማን ያውቃል?»

ከዚያ በኋላ ለማስታረቅ አልሞከርሁም። አጎቴን «ጋሼ፣ ለዘር የሚጎድለውን እኔ ገዝቼ እተካለሁ፤ እርስዎ ብቻ አይከልክሏት» አልሁት። እሱ ግን የነፍስ አባቷ ይዳኙን አለ። እንደሚፈርዱለት እርግጠኛ ነበር፤ ለሕፃን ተዝካር እንደማይወጣ አገር ያውቃል።

ሦስታችንም ወደ ደብሩ ወጣን። አባ በመቋሚያቸው ተደግፈው እስከ መጨረሻው ሰሙን።

«የተጠመቀች ሕፃን ናት» አሉ። «ተዝካር አያሻትም። ለኛ የምትለምን እሷ ናት።»

አጎቴ እፎይ አለ። አባ ግን አልጨረሱም። «በልደታ ስም ዝክር ማብላትን ግን ማን ይከለክላል? ዘሩ የራሷ፣ ቀኑ የእመቤታችን። ታብላ።»

ስንመለስ አጎቴ ጥሎን ቀድሞ ወረደ። እኔም ተናድጄ ነበርና «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» አልሁ በልቤ። እህቴ ለእሱ ከአንድ ጎታ ዘር ያነሰች መስላኝ ነበር።

በልደታ ጠዋት እናቴ ምርጊቱን በመጥረቢያ ጀርባ ራሷ ሰበረችው። ላግዝሽ ብላት እምቢ አለች። ስንዴውን ቀድታ አበጠረች፣ አጠበች፣ ከባቄላ ጋር ቀላቅላ ወይራው ሥር በትልቁ ድስት ጣደችው። ሲበስል የሰፈሩ ልጆች ከበቧት። በሁለት እጇ እየዘገነች ሰጠቻቸው፤ የጨረሰውን እየጠራች ደገመችው። እንዲህ ፊቷ በርቶ አይቻት አላውቅም። ለወጣቶቹ ልነግራቸው ያሰብሁት ሁሉ እዚያ ዛፍ ሥር ተሰብስቦ ሲበላ አየሁ።

አጎቴ አጥሩ ጋ ቆሞ ነበር። እናቴ በሰፌድ ንፍሮ ይዛ ወደ እሱ ሄደች፤ እኔም ተከተልኋት። እጁን አልዘረጋም።

«እታለም» አላት። «ጎታው ሥር ተኝቼ የጠበቅሁ እኔ ነኝ። ወንድሜ ጠብቅ ብሎኝ። አንቺ ጣሳ ይዘሽ መጣሽ፤ አንድ ጭብጥ ብቻ አልሽኝ። ልጅቱ ስታለቅስ እሰማለሁ። እኔ ነኝ አይሆንም ያልሁሽ።»

ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ሁለቱ ለአርባ ዓመት ከአንድ አውድማ እህል ሲያስገቡ፣ በአንድ ማዕድ ሲበሉ ኖረዋል። በመንገድ ላይ በልቤ ያልሁት ትዝ አለኝና አፈርሁ።

እናቴ ሰፌዱን ለእኔ ሰጠችኝ። ከዚያ የአጎቴን እጅ ይዛ ጣቶቹን ፈታች፤ ንፍሮውንም ዘግና መዳፉን ሞላችው።

«ብላ» አለችው። «አንተም ያን ጊዜ ልጅ ነበርህ።»

አጎቴ እንደ ቆመ በላ። ሲጨርስ እጁን እንደገና ዘረጋ።