ዶሮዎቹን ያስጠማንበት ቀን

የልጅ ልጄ ቡታጅራ ዳር የሥጋ ዶሮ ያረባል። ባለፈው ሳምንት አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አሳየኝ። «አያቴ፣ ይቺ ለዶሮ ሳልም፣ ዶሮ ለሚፈጀው ለፈንግልም ናት፤ ሁለቱ ክትባት በአንድ ላይ።»

«አይጣሉም?» ስለው ሳቀ። «ፋብሪካው ለክቶ ነው የሚያዋህዳቸው» አለኝ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

ጃንሆይ ከዙፋን ሊወርዱ ጥቂት ሲቀራቸው አዲስ ሙሽራ ነበርኩ። በእኛ አገር ወንድ ልጅ እግሩ ሲጠና አዲስ አበባ ለንግድ ይሄዳል። ባሌ ከድር ግን ከእኔ መለየት አልፈለገም። «እነዚህ ከደረሱልኝ እቀራለሁ፤ ካልሆነ አጎቴ ሱቅ መግባቴ ነው» ብሎ ነጫጭ የፈረንጅ ጫጩቶች አመጣ። መልካቸው አያምር፣ ከመብላት ሌላ ሥራ አያውቁ፤ ግን ባሌን የሚያስቀሩልኝ እነሱ ነበሩና እንደ ልጅ ሳሳሁላቸው።

የእንስሳት ሐኪሙ መጀመሪያ የሳሉን ክትባት ሰጠን፤ የፈንግሉን ጥቂት ሳምንታት ቆይተን፣ ለብቻው፣ ከእሱ ማቀዝቀዣ እንድንወስድ ነገረን። ክትባቱ ሕይወት ያለው ነው፤ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል። ውሃው ውስጥ ሳይሞት ፈጥነው እንዲጨርሱት ዶሮዎቹ አስቀድመው መጠማት አለባቸው።

የመጀመሪያውን ክትባት ልንሰጥ ውሃ በከለከልናቸው ጠዋት ጩኸታቸውን የሰማችው አማቴ ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ እጇን ሳትታጠብ መጣች።

«ነፍስ ያለው ነገር ውሃ የሚከለከልበት ቤት በረካ የለውም። ዛሬን ዝም ብያለሁ። ሁለተኛ ብታስጠሟቸው ግን፣ ወላሂ፣ ከዚህ ቤት እወጣለሁ።»

ከድር ለእናቱ መልስ ሰጥቶ አያውቅም። ሁለተኛ እንዳያስጠማቸው ወደ ሐኪሙ ቢሮ ሮጠ፤ ሐኪሙ ገጠር ወጥቶ ስለነበር ሁለተኛውን ብልቃጥ ከቢሮው ዘበኛ ተቀብሎ መጣ። ሁለቱንም በአንድ ውሃ በጠበጣቸው።

«ለየብቻ አላለም እንዴ?» አልኩት።

«እናቴን ከቤት ላስወጣ?» አለኝ። ዶሮዎቹ ጥርግ አድርገው ጠጡት።

በርበሬው ተለቅሞ ደጁ ሁሉ ሲቀላ ፈንግል ገባ። አንገታቸው እየተጠማዘዘ፣ አፋቸውን ከፍተው ትንፋሽ እያጠራቸው አለቁ። ጎህ ሲቀድ የጓሮውን በር መክፈት እፈራ ነበር። ሐኪሙ መጥቶ አያቸውና «የሳሉ ክትባት በርትቶ የፈንግሉ ክትባት እንዳይሠራ ከልክሎታል፤ ለየብቻ ያልኳችሁ ለዚህ ነበር» አለ።

ይህን ሲል አማቴ አልነበረችም። «ያን ቀን ያስጠማችኋቸው ነው» አለች። ከድር እውነቱን እንዳልነግራት በዓይኑ ለመነኝ። አልነገርኳትም። በማግስቱ ጭቃው ገና ባልደረቀው መንገድ አውቶቡስ ወደ አጎቱ ሱቅ፣ ወደ አዲስ አበባ ይዞት ሄደ።

ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ፣ ለአረፋ፣ ይመጣ ነበር። ልጆቻችን እንደ እንግዳ ያፍሩታል። አማቴ ደግሞ ክትፎውን በእጇ እያጎረሰች «ምነው ትተኸን ሄድክ?» ትለዋለች። እሱ ጉልበቷን ይስማል። ሁለቱም እንዲህ እንዳሉ አለፉ።

አሁን የልጅ ልጄ ምሳውን ከሚስቱ ጋር ሲበላ አያለሁ። እሰየው እላለሁ፤ እቀናለሁም። አማቴ ለዶሮዎቹ አዘነች፣ ከድር ለእናቱ አዘነ። ሁለቱም ደጎች ነበሩ። እኔ ጋ ሳይደርስ ግን ርኅራኄው አለቀ።