ታደሰን የሚያውቅ ጠፋ

ንጋት 12 ሰዓት፣ ቡታጅራ

አባቴ መምህር ታደሰ ካረፈ አርባ ቀን ሞላው። እህቱ አልመጣችም። ከእምድብር ወጣ ብላ የምትኖር አንድ እህት አለችው፤ አይቻት አላውቅም። ለመስቀል ብቻውን ነበር የሚሄደው፣ እኛን አንድም ቀን አልወሰደን። መርዶውን ሰው ልኬ በደብራቸው አስነግሬያለሁ። ሰው እንዴት የወንድሙን ለቅሶ ይቀራል? ልጠይቃት ነው። ልጠይቃት ስል፣ ልጣላት ማለቴ ነው።

3 ሰዓት፣ አረቅጥ

ብርድ፣ ጭጋግ፣ ጭቃ። ቆጮ በጎመን በላሁ፤ ሻዩ ሃያ ብር፣ ያውም ለብ ያለ። ሾፌሩ ጉዳዬን ሲሰማ «ተው ጋሼ፣ በሐዘን ላይ ጠብ አያምርም» አለኝ።

«እሷ ናት የጀመረችው» አልኩት።

6 ሰዓት፣ እምድብር

አንድ ባለባጃጅ ደብሩ ድረስ ወሰደኝ። የመምህር ታደሰን እህት ብዬ ሦስት ሰው ጠየቅሁ፤ ሦስቱም «ታደሰ የሚባል የለንም» አሉ። ንድድ አልኩ! በመጨረሻ ከስልኬ ላይ ፎቶውን አወጣሁ።

«ውይ፣ ይሄማ በርጋ ነው!» አለች ውሃ የቀዳች አንዲት ሴት፤ አክስቴ ቤት ድረስም አደረሰችኝ።

አክስቴ እንሰት እየፋቀች ነበር። ፎቶውን አይታ ፈገግ አለች። «በርጋ ላከህ? ደህና ነው?»

ልጣላት ያዘጋጀሁትን ትቼ ጠየቅኋት። «በቤተ ክርስቲያን ሲነገር አልሰሙም?»

«ታደሰ የሚባል ሰው ሞተ ሲሉ ሰምቻለሁ። ነፍስ ይማር ብዬ ቤቴ ገባሁ።» ዓይኔን አየችኝ። መፋቂያው ከእጇ ወደቀ።

«በርጋ!» ብላ ስትጮኽ መንደሩ ተሰበሰበ። አብረውት የተማሩ አንድ ሽማግሌ ትዝ ያላቸው ያኔ ነው፤ ትምህርት ቤት የገባ ቀን ከሩቅ አገር የመጣው አስተማሪ «ይሄ ስም አይባልም» ብሎ ታደሰ ብሎ መዘገበው አሉኝ። አባቴ ይህን ነግሮኝ አያውቅም፤ እንዳፈረበት ነው የሞተው። ሴቶቹም ከተማ የቀሩባቸውን የየራሳቸውን ሙታን በቤት ስማቸው እየጠሩ አብረው አለቀሱ።

«መሬታችንን በንጉሡ ዘመን መልከኛ ወስዶት ነበር፤ በደርግ ጊዜ ተመለሰ» አሉ ሽማግሌው። «ስሙንስ ማን ይመልሳል?»

9 ሰዓት፣ መመለሻ

አክስቴ እስከ መንገድ ሸኘችኝ። «የልጄ ልጅ» ትለኛለች፤ አባቴን በጀርባዋ አዝላ ነው ያሳደገችው።

«አንተንስ በርጋ በቤት ማን ብሎ ይጠራህ ነበር?»

«ያው በመታወቂያዬ ስም ነው። ሌላ የለኝም።»

ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገችና እንደ አዲስ ማልቀስ ጀመረች። ይሄኛው ለቅሶ ለእኔ ነበር።