የኮከብ የግራ እጅ

እስከዳር የዓለም ከተማ ልጅ ናት፤ አባቷ መምህር ነበሩ። ደብረ ብርሃን የራጅ ሙያ ተምራ መሐል ሜዳ ስትቀጠር ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብላ መጥታ አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ቁጥብ ሴት ናት። ከገጠር የሚመጣው ሕመምተኛ ሁሉ «ሲስተር» ይላታል፤ ሲስተር አለመሆኗን ማስረዳት ከተወች ቆየች። የሰው ስም ቶሎ ይጠፋታል፤ በራጅ ያነሳችውን አጥንት ግን አትረሳም። ገበያ ውስጥ አንዱ ሰላም ሲላት ማን እንደሆነ ግራ ይገባትና፣ ሲያነክስ ስታየው «ይኸ ከበቅሎ የወደቀው ነው፤ የቀኝ ጭን» ትላለች በሆዷ።

በ2017 ዓ.ም. የካቲት ላይ ጓሳ የሚባለው ጥብቅ የደጋ ሣር ሜዳ ለአጨዳ ተከፍቶ ነበር። አጫጆቹ ከአንድ ገደል ሥር፣ ድንጋይ ከተከመረበት ስንጥቅ ውስጥ የሰው አጥንት አገኙ። ሳጅን ባምላኩ የሚባለው የወረዳው ፖሊስ መርማሪ በሸራ ጠቅልሎ እስከዳር የምትሠራበት ሆስፒታል አመጣው። እንዲህ ያለው ነገር አዲስ አበባ ነበር የሚላከው፤ መንገዱ ግን በጸጥታው ምክንያት ከተዘጋ ሦስተኛ ሳምንቱን ይዟል። ባምላኩ ለጊዜው ማወቅ የፈለገው ጥይት እንዳለበትና ሟቹ ትልቅ ሰው ይሁን ልጅ ብቻ ነበር።

እስከዳር በሩን ዘግታ አጥንቱን አንድ በአንድ በራጅ አነሳች። ጥይት የለም። የራስ ቅሉ ከግራ ጆሮ በላይ ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ የመዳን ምልክት አይታይበትም። የግራው እጅ በነጠላ ቁራጭ እንደተጠቀለለ፣ በዚያ ብርድ ቆዳው ላዩ ላይ ደርቆ፣ ሳይበተን ቀርቷል። እሱን መጨረሻ ላይ አነሳችው።

ልጅ እያደገ ሳለ በአጥንቱ ጫፍና በግንዱ መካከል ለስላሳ ነገር አለ፤ ራጅ ላይ እንደ ጥቁር መስመር ሆኖ ይታያል። እድገት ሲያበቃ መስመሩ ይዘጋል። የዚህ እጅ መስመር ክፍት ነበር። ከዚያ ወደ አንጓው ስትመለከት፣ ከትንንሾቹ አጥንቶች ሁለቱ ተጣብቀዋል። ተሰብረው የዳኑ አይደሉም፤ ሲፈጠሩም እንዲሁ ናቸው። እስከዳር ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እንዲህ ያለ እጅ በዕድሜዋ ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ከአምስት ዓመት በፊት፣ በ2012 ጥር፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ የምትሠራበት አንድ የግል ክሊኒክ ነበር፤ ዛሬ ተዘግቷል። ይታየው የሚባል ሠላሳ ዓመት ያለፈው ገበሬ ከአጎቱ ጋር ሆኖ ኮከብ የምትባል ልጅ ይዞ መጣ። ሊያገባት ጠላው ተጠምቋል፣ ዘመድ ተጠርቷል፤ የሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ልጅቷ አልደረሰችም ብሎ ሰርጉን ስላገደበት የዕድሜ ወረቀት ፈልጎ ነው። እናቷ ወይዘሮ ወለተኪዳን አብረው መጥተው ነበር። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዋሉ እንጂ የጠየቃቸው ሰው የለም።

እስከዳር የልጅቷን ግራ እጅ ዘርግታ ስታስተካክል ኮከብ ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቀቻት።

«ይኸ ነገር እውነቱን ያወጣል?»

«ያወጣል» አለቻት።

ፊልሙ ሲወጣ መስመሮቹ ሁሉ ክፍት ነበሩ። ስንት ዓመቷ ነው ብለው ቢጠይቋት እስከዳር አሥራ አራት፣ ቢበዛ አሥራ አምስት ትል ነበር። የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ፍቅረ ሥላሴ ግን ፊልሙን ለአፍታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየና፣ ከአሥራ ስምንት ዓመት በላይ ብሎ ጻፈ፤ ማኅተምም መታበት። እስከዳር መስመሩ ገና እንዳልተዘጋ ነገረችው። ያንቺ ሥራ ማንሳት ነው፣ ማንበቡን ለኔ ተይልኝ አላት። ዝም አለች። ወረቀቱን እነ ይታየው ወሰዱ፤ ፊልሙን የፈለገው ስላልነበረ ልጅቷ በብብቷ ይዛው ወጣች። በሳምንቱ የሠርገኛው አይሱዙ ጡሩንባውን እየነፋ በክሊኒኩ ደጅ ሲያልፍ እስከዳር መጋረጃውን ሳበች።

አሁን ከክፍሉ ወጥታ ለባምላኩ የማን አጥንት እንደሆነ አውቃለሁ መሰለኝ አለችው። እንዴት ሲላት፣ የራሷን ድርሻ ሳታስቀር ከሥር ጀምራ ነገረችው። ሳጅኑ እየጻፈ ነበር፤ መሐል ላይ ብዕሩን አቆመ።

«ይኸ አንቺንም ይነካል፣ እስከዳር።»

«ጻፈው» አለች።

ኮከብ ባገባች በዓመቷ ነው የጠፋችው። ይታየው ለአገሩ ሁሉ ያወራው ደላላ አግኝታ ዐረብ አገር ሄደች ብሎ ነው። ብዙ ልጅ ስለሚሄድ ያመነው በዛ። ወይዘሮ ወለተኪዳን ግን አራት ዓመት ሙሉ ከዐረብ አገር የተመለሰች ልጅ አለች በተባለበት ሁሉ በእግራቸው እየሄዱ፣ ኮከብን አይተሻታል ወይ እያሉ ይጠይቁ ነበር።

ባምላኩ ፊልሙ ካለ ይምጣ ብሎ ሰው ሲልክባቸው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው መጡ። ልጅቷ ለሰርጉ ስትሰናዳ ሣጥናቸው ውስጥ ያኖረችው ነው። ጠርዙ ላይ ስሟና ቀኑ በእስከዳር የእጅ ጽሑፍ አለ። እስከዳር አሮጌውንና አዲሱን ፊልም መብራቱ ላይ ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው። የተጣበቁት አጥንቶች፣ የጣቶቹ ቅርጽ፣ የመስመሩ መዛነፍ ሁሉ አንድ ነው። የሆስፒታሉ ሐኪም መጥቶ አየና የአንድ ሰው እጅ ነው ብሎ ፈረመ። ለእናትየው መንገሩ ለእስከዳር ቀረ።

«እማማ፣ ልጅዎ ዐረብ አገር አልሄደችም» አለቻቸው።

ወይዘሮ ወለተኪዳን ወደ መብራቱ ተጠግተው ሁለቱን እጆች ብዙ አዩአቸው።

«የሞተው እጇ የትኛው ነው?» አሉ።

እስከዳር በጣቷ አሳየቻቸው። ከዚያ ሌላ ጊዜ እነግራቸዋለሁ ብትል መቼም እንደማትነግራቸው ስለገባት፣ ቆማ ሳለች ተናገረች።

«የመጀመሪያውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ልጅ መሆኗን አይቻለሁ። እያየሁ ዝም አልኩ።»

ሴትዮዋ ዞረው አላዩዋትም። እጃቸውን አሮጌው ፊልም ላይ አኖሩ።

«የወለድኳት እኔ ነኝ። ወረቀቱን ሲያሳዩኝ እነ ይታየውን አሥራ አራት ዓመቷ ነው ብያቸው ነበር። የራጁ መኪና የተናገረውን አንቺ ልታፈርሺ ነው ወይ ብለው ሳቁብኝ። እኔም መኪና ምን ቆርጦት ይዋሻል ብዬ፣ ዕድሜዋ የተምታታብኝ እኔ ነኝ ብዬ ተውኩት።»

«መኪናው አልዋሸም፣ እማማ።»

ወይዘሮ ወለተኪዳን ነጠላቸውን አጣፉና ሳይሰናበቷት ወጡ።

ይታየው በተያዘ በሦስተኛው ቀን አመነ። ልጅቷ ትምህርት ቤት እመለሳለሁ ብላ ልብሷን ስትሰበስብ በመጥረቢያ ጀርባ መታት፤ ሬሳውን በፈረስ ጭኖ ጓሳ አወጣው። እስከዳር ለምስክርነት ስትቆም የተከሳሹ ጠበቃ፣ አይቼ ነበር ካልሽ አምስት ዓመት ሙሉ አፍሽን ምን ዘጋው ብሎ ጠየቃት። ፈርቼ ነው አለች። ይታየው አሥራ ስምንት ዓመት ተፈረደበት። ዶክተር ፍቅረ ሥላሴ ጉዳዩን አላስታውሰውም አለ፤ የክሊኒኩ መዝገብ ክሊኒኩ ሲዘጋ ጠፍቷል ተባለ፤ ክሱም በቀጠሮ እየተንከባለለ ነው። ለእስከዳር ከሆስፒታሉ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሳት። ጥቂት የሥራ ባልደረቦቿ ማንም ሳይጠይቅሽ አፍሽን ከፍተሽ ሁላችንን አስገመትሽ ብለው አኮረፏት።

አጥንቱ ከነእጁ በእናቷ ቀበሌ ቤተ ክርስቲያን ሲቀበር እስከዳር ሄዳ ነበር። ከቅጽሩ በር አጠገብ ከለቀስተኛው ራቅ ብላ ቆመች። አፈሩ ሊመለስ ሲል ጠጋ ብላ እንደ ሰው ሁሉ እፍኝ አፈር ጣለች። ወይዘሮ ወለተኪዳን አዩዋት። አልጠሯትም፤ ሂጂም አላሏትም።

አሁንም መሐል ሜዳ ናት። ለዕድሜ ምርመራ ልጅ ሲመጣባት ፊልሙን ታነሳለች፤ ያየችውን ደግሞ በሌላ ወረቀት ጽፋ በስሟ ትፈርምበታለች፤ አንዱን ቅጂ ለሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ትልካለች። በዚህ ምክንያት ሁለት ሰርግ ቀርቷል። በሦስተኛዋ ልጅ ጊዜ ግን የወንዱ ወገኖች አስቀድመው ሰምተው ስለነበር ወደ እስከዳር አልመጡም፤ ልጅቷን ሌላ ከተማ ወስደው ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ሰርጉ ሆነ። እስከዳር የወረቀቱን ቁጥርና ቀን አፈላልጋ ለሳጅን ባምላኩ ሰጠችው። እስካሁን ጉዳዩን ያየው የለም።